ታይምሼር፦ በሩ ላልተከፈተ ሪዞርት የሚሸጥ የጊዜ ድርሻ

በሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ኮ ኦሊና የሚባል ስፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እዚያ የሚታየው ክሬንና ገና ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ነበር። ገንዳው ውሃ አልያዘም፤ አንድም እንግዳ አላደረበትም። የዲዝኒ ኩባንያ ግን አውላኒ ብሎ የሰየመውን ሪዞርት መሸጥ ጀምሮ ነበር። ዕቅዱን ያሳወቀው በ2007 ሲሆን የመሠረቱ ሥራ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። በ21 ኤከር መሬት ላይ 359 የሆቴል ክፍሎችና 481 ቪላዎች ይቆማሉ ተብሎ ታቀደ። እንግዳ መቀበል የጀመረው ነሐሴ 29 ቀን 2011 ነው። ለዚያ ቀን ከዓመት በላይ ሲቀረው ሰዎች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር እየከፈሉ ውል ይፈርሙ ነበር።

የፈረሙት ምን ገዙ? ቁልፍ አልተሰጣቸውም። ይህ ክፍል የእናንተ ነው ተብሎ ቁጥርም አልተነገራቸውም። የተሰጣቸው በየዓመቱ የሚታደስና በማደሪያ ሌሊት የሚመነዘር ነጥብ ነው። ይህም መብት ጥር 31 ቀን 2062 ያበቃል።

እንዲህ ያለው ንግድ በመላው ዓለም የሚታወቀው ታይምሼር በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድን አፓርታማ ለአንድ ሰው ከመሸጥ ይልቅ ዓመቱን በሳምንት ከፋፍሎ ለ50 ወይም ለ51 ሰው መሸጥ፤ የሚተርፈው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ለጥገናና ለቀለም ይውላል። ኮንዶሚኒየም አንድን ሕንፃ በወለልና በክፍል ይሸነሽናል፤ ታይምሼር አንዱኑ ክፍል በቀን መቁጠሪያ ይሸነሽነዋል። በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ለእያንዳንዱ ባለቤት ቤቱን ለብቻው፣ ደረጃውንና ጣሪያውን ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ ይሰጠዋል። በታይምሼር ግን አልጋውም፣ ምጣዱም፣ በረንዳውም የጋራ ናቸው፤ የግል የሚሆነው ጊዜው ብቻ ነው።

አልሚዎች ለምን እንደሚወዱት ለማየት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። በአሜሪካ ከአልሚው በቀጥታ የሚገዛ ታይምሼር በአማካይ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። 20 ሺህ ብቻ ነው ብንል እንኳ 51 ሳምንት ሲሸጥ አንድ አፓርታማ 1,020,000 ዶላር ያስገባል። ያው አፓርታማ ለአንድ ገዢ ቢሸጥ ይህን ያህል የሚያወጣው ከስንት አንድ ነው። እርግጥ ከዚህ ገንዘብ ብዙው ለማስታወቂያ፣ ለሻጮች ኮሚሽንና ለእንግዳ መሳቢያ ስጦታ ይሄዳል። ገዢው ከሚከፍለው ውስጥ ግድግዳ የሚሆነው ጥቂቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ታይምሼር ሲባል ዘንባባና አሸዋ ቢታሰብም፣ የተወለደው በረዶ ላይ ነው። በ1963 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሃፒማግ የተባለ ኩባንያ አባላቱ አክሲዮን እየገዙ በኩባንያው የዕረፍት ቤቶች በነጥብ የሚያርፉበትን ሥርዓት ጀመረ። በ1967 ደግሞ ፖል ዱሚዬ የተባለ ፈረንሳዊ በአልፕስ ተራሮች ሱፐርዴቮሉዊ በተባለው የበረዶ መንሸራተቻ ሰፈር ለሰዎች ክፍል ከመከራየት ሆቴሉን መግዛት እንደሚረክስ እየነገረ ሳምንታትን መሸጥ ያዘ። ሐሳቡ በ1969 ሃዋይ ደረሰ፤ ካዋይ ደሴት ላይ የተጀመረው ሽያጭ በአሜሪካ የመጀመሪያው ተደርጎ በሰፊው ይጠቀሳል።

ንግዱን ያሰፋው ግን ችግር ነው። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ የፍሎሪዳ አልሚዎች ሠርተው ያልሸጧቸው ኮንዶሚኒየሞች እጃቸው ላይ ቀሩ። ሙሉውን ቤት የሚገዛ ሲጠፋ ሳምንቱን የሚገዛ ተገኘ። በ1974 የተቋቋመው አር ሲ አይ የተባለ ኩባንያ የአንዱን ሪዞርት ሳምንት ከሌላው ጋር ማለዋወጥ ሲጀምር፣ «በየዓመቱ እዚያው አንድ ቦታ ልሂድ እንዴ?» ለሚል ገዢም መልስ ተገኘለት። ማሪዮት በ1984፣ ዲዝኒ በ1991፣ ሂልተን በ1992 ሲገቡበት ንግዱ የትልልቅ ስሞች ጥላ አገኘ።

ወደ አማርኛው እንምጣ። «ታይምሼር» በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይሠራበታል፤ ለወሬ ይበቃል። ለውል፣ ለፍርድ ቤትና ለጋዜጣ ግን ራሱን የሚያብራራ ቃል ያስፈልጋል። «የፈረቃ ቤት» ቢባል አሠራሩን በትክክል ይገልጻል፤ ነገር ግን ፈረቃ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ውሃና መብራት ነው፤ ሪዞርት ለሚሸጥ ደግ ምልክት አይደለም። «የጊዜ ባለቤትነት» ደግሞ አለልክ ይሰጣል። የፈረንሳይ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ እዚያ ንግዱ በመጀመሪያ «የብዙዎች ባለንብረትነት» ማለት በሚሆን ስም ሲሸጥ ኖረ። በ1986 የወጣው ሕግ ግን ገዢው የሚያገኘው የኩባንያ አክሲዮንና በጊዜ የተከፈለ የመገልገል መብት መሆኑን ደንግጎ፣ ይህን ሰው በማናቸውም ሰነድ ላይ «ባለንብረት» ብሎ መጥራትን ከለከለ። ሕግ አውጪዎች ለአንድ ቃል ይህን ያህል የተጨነቁት ሰውን ወደ ፊርማ የሚስበው ያ ቃል ስለነበረ ነው። በእስራኤል ዕብራይስጡ ከዚህ ሸሽቶ «የዕረፍት ክፍል» የሚል ስም ይዟል፤ አማርኛ ተናጋሪው ኤላት ሲሄድ የሚያገኘውም ይህንኑ ነው፤ ይሁንና ስሙ ስለ ጊዜው ምንም አይናገርም።

ስለዚህ እዚህ የቀረበው ስያሜ «የጊዜ ድርሻ» ነው። ድርሻ ከውርስም፣ ከማኅበርም፣ ከአክሲዮንም ጋር የኖረ ቃል ነው፤ መብትን ያመለክታል፣ መዋጮንም ያስከትላል። የያዘው ሰው «ባለድርሻ»፣ ቤቱ «የጊዜ ድርሻ ሪዞርት»፣ በየዓመቱ የሚከፈለው ደግሞ «የጥገና መዋጮ» ይባል። የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ አዲስ ሪዞርት በጉጉት የሚጠባበቅ ገዢ አጥብቆ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው ነውና፣ መዋጮውን የሚያስታውሰው ዘግይቶ ነው።

አውላኒ ላይ የሆነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የመክፈቻው ቀን ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሐምሌ 2011፣ ዲዝኒ የነጥብ ሽያጩን በድንገት አቆመ። ሕንፃው አልተሰነጠቀም፤ የተሰነጠቀው ሒሳቡ ነበር። ለገዢዎች የተነገረው ዓመታዊ መዋጮ ሪዞርቱን ለማስተዳደር ከሚያስፈልገው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዲዝኒ የታይምሼሩን ክፍል ይመሩ የነበሩት ሰው ከሌሎች ኃላፊዎች ጋር ከሥራቸው ተነሱ። መዋጮው ከፍ ብሎ ሽያጩ እንደገና ሲጀመር፣ ቀድመው የገዙት በአነስተኛው ስሌት እንዲቀጥሉ ተደረገ፤ ልዩነቱን ኩባንያው ይደጉማል። በዚህ የተነሳ ዛሬም በአንድ ሪዞርት፣ በአንድ ዓይነት ቪላ፣ ሁለት ዓይነት መዋጮ የሚከፍሉ ባለድርሻዎች አሉ።

ኩባንያው ስህተቱን በራሱ ኪስ መሸፈኑ ያስመሰግነዋል። አቅሙ ያነሰ አልሚ ቢሆን ግን ልዩነቱ የሚወርደው ባለድርሻዎቹ ላይ ነበር። በሩ ያልተከፈተ ሪዞርት የመብራት ሒሳብ መጥቶለት አያውቅም። የጨው አየሩ የበረንዳውን ብረት በስንት ዓመት እንደሚበላውም ገና አልታየም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት መዋጮ ሁልጊዜ ግምት ነው። በአሜሪካ አማካዩ መዋጮ ዛሬ በዓመት ከአንድ ሺህ ዶላር አልፏል፤ ባለድርሻው ሄዶ አረፈም አላረፈም ይከፍላል።

ደሴት ሲሆን ደግሞ ማዕበሉ አለ። በመስከረም 2017 ኢርማና ማሪያ የተባሉት አውሎ ነፋሶች በሁለት ሳምንት ልዩነት የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶችን መቱ። ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው በሴንት ጆን የሚገኘው የዌስቲን የጊዜ ድርሻ ሪዞርት ከዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኢንሹራንስ የማይሸፍነው ወጪ «ልዩ መዋጮ» ሆኖ በባለድርሻዎች ላይ ሊከፋፈል ይችላል፤ አብዛኞቹ ውሎች ይህን የሚፈቅድ አንቀጽ አላቸው። የውሉ ገጽ ብዙ ነው፤ አንቀጹም ከፊት አይገኝም።

የባሕር ዳርቻውን በተመለከተም አንድ ነገር አለ። በሃዋይ ሕግ አሸዋው ማዕበሉ ሽቅብ እስከሚደርስበት ድረስ የሕዝብ ነው። ኮ ኦሊና ያሉት አራት ሰው ሠራሽ የመዋኛ ሐይቆችም ለማንም ክፍት ናቸው፤ የሆኖሉሉ ነዋሪ ፎጣውን ይዞ መጥቶ ምንም ሳይከፍል ይዋኛል። ባለድርሻው የከፈለው ለባሕሩ ሳይሆን ባሕሩ ለሚታይበት በረንዳ ነው።

ሽያጩ የሚከናወንበት መንገድ ከደሴት ደሴት ብዙም አይለያይም። ዋይኪኪ የእግረኛ መንገድ ዳር፣ የጉብኝት ትኬት ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ጀርባ፣ አንድ ፈገግተኛ ሰው የባህላዊ ግብዣ ትኬት በግማሽ ዋጋ ያቀርባል። ቅድመ ሁኔታው የ90 ደቂቃ ገለጻ መስማት ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም መምጣት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከመጣ «ከባለቤቴ ልማከር» ብሎ ሊያመልጥ ይችላላ! ጠዋት ላይ ቡናና ፍራፍሬ ይቀርባል። ሪዞርቱ ገና ካልተሠራ መሐል ጠረጴዛው ላይ በመስታወት የተሸፈነ ሞዴል ይቀመጣል፤ የጣት ጥፍር በሚያህሉ ዘንባባዎች መሐል ሰማያዊ ገንዳ ይታያል። ሻጩ ባለፉት ዓመታት ለሆቴል ስንት እንዳወጡ ጠይቆ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጽፍና በ20 ያባዛዋል። «አይ፣ ይቅርብን» ሲሉ አለቃው ይመጣል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ ደግሞም ቅናሹ ለዛሬ ብቻ ነው ይባላል። ዘጠናው ደቂቃም ሦስት ሰዓት ይሆናል።

ከዋሽንግተን አካባቢ ልጆቻቸውን ይዘው ኦርላንዶ የሚሄዱ፣ ወይም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በላስ ቬጋስ ዘመድ የሚጠይቁ ቤተሰቦች ይህ ግብዣ አይጠፋቸውም። ለእንግዳ አክባሪ ሰው ደግሞ የገለጻው ክፍል ከባድ ነው፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ ስጦታውን ተቀብሎ፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት በእኛ ባህል ይከብዳል። ሻጮችም ይህን የሰው ባሕርይ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሕግ ግን ከክፍሉ ከወጡ በኋላ እምቢ ለማለት ጊዜ ይሰጣል። ውሉን በጽሑፍ ለመሰረዝ በኔቫዳ 5 ቀን፣ በሃዋይ 7፣ በፍሎሪዳ 10፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን አለ። የአውሮፓው መመሪያ በዚህ የመሰረዣ ጊዜ ውስጥ ቅድመ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል፤ የጊዜ ድርሻን «ኢንቨስትመንት» ብሎ መሸጥንም እንዲሁ።

የድርሻ ዓይነቶች ጥቂት ናቸው። በየዓመቱ አንድ የተወሰነ ሳምንት የሚሰጥ አለ፤ በወቅቱ ውስጥ ቀድሞ ላስያዘ የሚደርስ ተንሳፋፊ ሳምንት አለ፤ እንደ አውላኒ በነጥብ የሚሠራም አለ። ማለቂያ ቀን ያለውና የሌለው መሆኑ ግን ከዓይነቱ ይልቅ ያሳስባል። አውላኒ በ2062 ያበቃል፤ አንዳንዱ ውል ግን ዘላለማዊ ነው፤ ከነመዋጮው ለልጅ ይተላለፋል። ልጁ በሕጉ መሠረት ውርሱን አልቀበልም ማለት ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

መልሶ መሸጥስ? ጥቂት ስመ ጥር ሪዞርቶች ከዋጋቸው ጥሩ ክፍል ይይዛሉ። ብዙዎቹ ግን ከተገዙበት እጅግ ባነሰ ይሸጣሉ፤ መዋጮውን ብቻ ተረከቡኝ የሚሉ ባለድርሻዎች በአንድ ዶላር ለጨረታ የሚያቀርቡበት ጊዜም አለ። አዲስ ሪዞርት በጉጉት የሚጠብቅ ገዢ ከመፈረሙ በፊት ይህን የሁለተኛ እጅ ገበያ ቢያይ፣ ከዚያው ኩባንያ የቆየ ሪዞርት በምን ያህል ዋጋ እንደሚገኝና መዋጮው ባለፉት አሥር ዓመታት እንዴት እንዳደገ ይረዳል።

ለመውጣት መቸኮልም የራሱ ወጥመድ አለው። በ2023 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሚኒስቴር በሜክሲኮ ፖርቶ ቫያርታ ላይ በተመሠረተ የጊዜ ድርሻ ማጭበርበር ሰበብ ሃሊስኮ ከተባለው የአደንዛዥ ዕፅ ቡድን ጋር የተያያዙ ሰዎችንና ድርጅቶችን በማዕቀብ መዝገብ አስገብቷል። አሠራሩ አንድ ነው፦ ለአረጋዊ ባለድርሻ ስልክ ይደወላል፣ ድርሻህን የሚገዛ ተገኝቷል ይባላል፣ ከዚያም ለ«ግብር» ወይም ለ«ውል ማስፈጸሚያ» ቅድሚያ ገንዘብ ላክ የሚል ጥያቄ ይከተላል። የተላከው ገንዘብ አይመለስም፤ ገዢ የተባለውም ሰው ከመጀመሪያው አልነበረም።