ዜና አገኘሁ እንግዳ ሠዓሊ

በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ልጆች እየመረጡ ወደ ባሕር ማዶ ለትምህርት በሚልኩበት ወራት፣ የጎንደር ተወላጅ የሆነው አገኘሁ እንግዳ ሥዕል ይማር ዘንድ ወደ ፈረንሳይ አገር ሄደ፤ ጊዜውም 1926 እ.ኤ.አ. ነበረ። የዚያ ዘመን የፓሪስ መንገድ በአቃቂ በኩል ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1915 አቃቂ ደርሶ በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ ነበርና፣ ተማሪ ሁሉ ከከተማው ተነሥቶ ቃሊቲንና አቃቂን ያልፋል፤ በድሬዳዋም አድርጎ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከዚያም በመርከብ ይሻገራል። አገኘሁም ፓሪስ ገብቶ በመንግሥቱ ከፍተኛ የሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት እስከ 1933 ተማረና ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ሁሉ፣ የሚያመሰግነውም የሚነቅፈውም፣ የፈረንጅን ሥዕል ወደ አገራችን ያመጣ ሰው ይለዋል። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። አገኘሁ ከፓሪስ ያመጣው የእጅ ጥበብን ነው፤ ምን መሣል እንዳለበትና የትኛው ሥዕል እንደሚከብር ግን የጎንደር ደብሮች ፓሪስን ሳያይ አስተምረውታል።

ይህንም ለመረዳት የፈረንሳይ አካዳሚ ሥዕልን እንዴት እንደሚመዝን ማየት ይገባል። በ1667 አንድሬ ፌሊቢየን የሚባለው ሊቅ ለሥዕል ማዕረግ አወጣ፤ የታሪክና የሃይማኖት ሥዕልን ከሁሉ በላይ አስቀመጠ፤ የአበባውንና የፍሬውን ሥዕል ከሁሉ በታች አደረገው። ትምህርት ቤቱም ይህን ማዕረግ ይዞ ትውልድ ከትውልድ አስተማረ። ከዚያ ወደ እኛ አገር ዞር ብሎ የቤተ ክርስቲያንን ግድግዳ ያየ ሰው ምን ያገኛል? ሥላሴን፣ እመቤታችንን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ከእነርሱ በታች የንጉሥና የመኳንንት መልክ፣ ቆይቶም የዓድዋን ጦርነት። የአበባ ማስቀመጫ ብቻ ሥሎ ሥራዬ ተፈጸመ ያለ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አልተሰማም። እንግዲህ የፓሪሱ መምህር ታላቅ ሥዕል ማለት የቅዱሳንና የነገሥታት ታሪክ ነው ሲል፣ ጎንደሬው ተማሪ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ነገር ሰማ። በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ የፈረንሳይ ወጣቶች ይህን ማዕረግ ከናቁት ቆይተው ነበር፤ በ1874 ኤግዚቢሽናቸውን ለብቻቸው የከፈቱት ሠዓሊዎች ሣር ላይ የወደቀ ብርሃንን ከጦር ሜዳ አስበልጠው ነበር። አገኘሁ የእነርሱን መንገድ ቢይዝ ኖሮ በእውነት ከአገሩ ሥዕል በራቀ ነበር።

የሚቃወም ሰው ግን አለ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። በአገራችን ልማድ ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ ከሓዲና ርኩስ መንፈስ በጎኑ ይሣላል፤ ተመልካቹም ማን ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል። የፓሪስ ትምህርት ቤት ተማሪውን ከጄሶ ምስል አስጀምሮ ሕያው ሰው ፊት ያቆመዋል፤ አጥንትና ጅማት ያስቆጥረዋል፤ ቅርብና ሩቅ ያስለየዋል፤ እዚያ የራስ አዟዟር የጽድቅ ምልክት አይደለም። ስለዚህ ልማዱ ፈረሰ የሚል ሰው እውነት አለው፤ እኔም አልክደውም። ነገር ግን ልማዱ ከዚያ በፊትም ያልተነካ አልነበረም። በ15ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሰው መጥቶ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ድረስ በአገራችን ሲሥል ኖረ። ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ ስላስቀመጠው፣ ግራ የውርደት ወገን ነውና፣ ሕዝቡ እንዳጉረመረመበት ይተረካል፤ ዛሬ ግን በየቤታችን የምንሰቅላት ምስለ ፍቁር ወልዳ ልጅዋን በግራ ክንድዋ ታቅፋለች፤ የመልክዋም ምንጭ ኢየሱሳውያን ያመጡት የሮም ሥዕል ቅጂ ነው። የጎንደር ሠዓሊዎችም በ18ኛው ምዕት ዓመት ፊትንና ልብስን በጥላ ማድቦልቦል ይዘው ነበር። ባዕድ የተባለው ሁሉ ሲቆይ የእኛ ሆኗል፤ አገኘሁ ብቻውን ለምን ይከሰሳል?

ሌላው ክርክር ቀዳሚነቱን የሚነካ ነው። ከአገኘሁ በፊት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በቱሪን አካዳሚ ተምሮ እንደነበር፣ በእንጦጦ ራጉኤልም እንደሣለ የታወቀ ነው። ሆኖም አፈወርቅ ወደ ብዕር አዘነበለ፤ ስሙንም ያቆመው በ1908 ሮም ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። አገኘሁ ግን ብሩሹን አልጣለም፤ የራሱንም መልክ ሣለ። ለቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም እርሱና እማዕላፍ ኅሩይ ሥለዋል፤ ካቴድራሉ የተመረቀው ጠላት ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1944 ነው። ልብ በል፤ ከፓሪስ የተመለሰው ሰው ሥራ ያገኘው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ አያቶቹ ሠዓሊዎች ሥራ ባገኙበት ደጅ ማለት ነው።

የአቃቂም ነገር እዚህ ላይ ይረዳል። የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የሬዲዮ ጣቢያ በ1935 በአቃቂ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ፣ የቀድሞው ራስ ተፈሪ፣ በዚያው ጣቢያ ለዓለም የተናገሩት ጣሊያን በአገራችን ላይ የያዘችውን ክፋት ነበር። የሬዲዮው ብረት ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ንግግሩን የባሕር ማዶ ያለ ሰው የለም። የዘይት ቀለሙም፣ የአጥንቱም ትምህርት እንዲሁ መሣሪያ ነበረ።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ የዘመናዊ ሥዕላችንን ታሪክ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከከፈተበት ቀን የሚጀምሩ ጸሐፊዎች ተሳስተዋል እላለሁ። የአለን ክብር የሚቀንስ የለም፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በስሙ ይጠራል። መጀመሪያው ግን በ1926 እ.ኤ.አ. በአቃቂ ያለፈው ተማሪ ነው፤ የአገኘሁም ስም ከአለ ስም በፊት ይጻፍ።