የደጃዝማች ኩምሳ ቤት

ቢሾፍቱ የሠዓሊ ለማ ጉያን ቤት በጎበኘሁ ጊዜ በፍየል ቆዳ ላይ በተሳሉት ፊቶች ፊት ረጅም ሰዓት ቆሜያለሁ። ሠዓሊው ኖረውበት፣ ሠርተውበት ሙዚየም ያደረጉት ቤት ስለሆነ ሥዕሉን ከሰውየው ነጥሎ ማየት አይቻልም። ተማሪዎቼን ይዤ ከጊምቢ ነቀምቴ የመጣሁት ያንን ስሜት ፍለጋ ነው። ወለጋ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

በ1874 ዓ.ም. ጎጃምና ሸዋ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ፣ እምባቦ ላይ ተዋጉ። ሸዋ አሸነፈ። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በሰላም ገብተው የአገራቸውን አስተዳደር በእጃቸው አቆዩ። ሲሞቱ ልጃቸው ኩምሳ ተተኩ፤ የክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ነው።

ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ስለ ጦርነቱ ነው። እኔ ግን የቤቱን የእንጨት ደረጃ ስወጣ የማስበው ደብዳቤዎችን ነበር። አንዷ ተማሪ መዳፏን መደገፊያው ላይ አሳርፋ «ስንት ሰው ይዞት ይሆን?» አለችኝ። መልእክተኛውም ይዞት ይሆናል አልኳት። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደዚህ ግቢ ለዓመታት ደብዳቤ ተመላልሷል፤ ስለ ወርቅ፣ ስለ ዝሆን ጥርስ ግብር። ሌቃ ነቀምቴ ራሱን የማስተዳደር መብቱን ያስከበረው በዚህ ግብር ነው። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ ሰብስበው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባሳተሙት የወለጋ ሰነዶች መጽሐፍ ውስጥ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ያለው ዘመን ይነበባል። እኔ እነዚያን ደብዳቤዎች በገለጥኩ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው ወርቁን ከወንዝ አሸዋ ያጠበውን ሰው ነው። ለእኔ የዚህ ቤት ታሪክ ያለ እሱ ጎዶሎ ነው።

ወደ ኩምሳ የመጣው ግን የአማርኛ ደብዳቤ ብቻ አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት ኦኔሲሞስ ነሲብም እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ ደጃዝማች ኩምሳ በክብር ተቀብለዋቸዋል። በአንድ ሰው ዘመን በአንዲት ከተማ የአማርኛ ደብዳቤም፣ የኦሮምኛ ንባብም ነበረ። ይህንን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

በመንዲም፣ በደምቢ ዶሎም የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ልጆቹን ወደዚህ ግቢ አምጧቸው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ከነዚያ ደብዳቤዎች አንዱን አስነብቧቸው።