በሐዋርያት በዓል ዋዜማ የተጻፈው የእስክንድርያ ደብዳቤ

በ1874 ዓ.ም. ሐምሌ 4 ቀን በእስክንድርያ ወደብ ሁለት ደብዳቤዎች ተለዋወጡ። አንደኛው የእንግሊዝ መርከቦች አዛዥ የአድሚራል ሲይሞር ነው፤ በራስ ኤል ጢንና በወደቡ ደቡባዊ ዳርቻ ያሉት የመድፍ ምሽጎች በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጡት ይጠይቃል። ሁለተኛው የግብፅ ሚኒስትሮች መልስ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች የፊተኛውን ደጋግመው ሲያነሡ የኋለኛውን አልፈውት ይሄዳሉ፤ ለእኛ ግን ከሁለቱ የሚበልጠው እርሱ ነው።

የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች በግንቦት ወር ወደ ወደቡ የገቡት ኬዲቭ ተውፊቅን ለመደገፍና የውጭ አገር ሰዎችን ለመጠበቅ ነው ተብሎ ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ሕዝቡ መርከቦቹን ባየ ቁጥር ቁጣው እየጨመረ፥ የጦር ሚኒስትሩ የዑራቢ ፓሻ ስም እየገነነ ሄደ። ሰኔ 5 ቀን፥ እሑድ፥ በአንድ የማልታ ሰውና በአንድ አህያ ነጂ መካከል የተነሣው ጠብ ከተማውን አዳረሰ። ወደ 50 የሚጠጉ አውሮፓውያንና ብዙ ግብፃውያን ሞቱ፤ የእንግሊዝ ቆንስልም ቆሰለ። እንግዲህ ለጥበቃ መጡ የተባሉት መርከቦች ከወደቡ ሳይርቁ፥ የሚጠበቁት ሰዎች በመንገድ ላይ አለቁ።

በራጊብ ፓሻ የሚመራው የሚኒስትሮች ጉባኤ የጻፈው መልስ አጭር ነው። ግብፅ እነዚህ ሁሉ መርከቦች እንዲላኩባት የሚያደርግ በደል እንዳልሠራች፥ በገዛ አገሯ ላይ እንዳለችና ራሷን መጠበቅም ግዴታዋ እንደ ሆነ ይናገራል። ስለ ሰላም ሲባል ግን ሦስት መድፎችን ከምሽጋቸው ለማውረድ ፈቃደኛ መሆኗን ይገልጻል። በምሽጎቹ ላይ በሰኔ ወር ሥራ መሠራቱ እውነት ስለ ሆነ፥ ደብዳቤው ፈጽሞ የዋህ ነው አንልም። ነገር ግን ባለቤቱ በቤቱ ውስጥ ሆኖ በሩን ቢያጠብቅ በደሉ ምኑ ላይ ነው? አድሚራሉ ሦስቱ መድፎች አልበቁኝም አለ። ፈረንሳዮች መርከቦቻቸውን ይዘው ሄዱ።

ማክሰኞ ሐምሌ 5 ቀን የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ በዓል ነበረ። የሐዋርያት ጾም በተፈታበት በዚያ ማለዳ፥ በቅዱስ ማርቆስ ከተማ ላይ፥ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ስምንት ብረት ለበስ መርከቦችና ተከታዮቻቸው መድፍ ተኮሱ። ከዚያም እሳቱና ዘረፋው የከተማውን መካከል አጠፋው። በመስከረም ወር መጀመሪያ ዑራቢ በተል ኤል ከቢር ድል ሆነ፤ ግብፅም በእንግሊዝ እጅ ገባች።

ይህ ነገር ወደ አገራችንም ደርሷል። በዚያው ጦርነት ስዌዝን የያዘው አድሚራል ሂዌት፥ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ጋር በዐድዋ ውል ተፈራረመ። ከውሉ አንቀጾች አንደኛው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ጳጳስ በሚፈልጉበት ጊዜ ኬዲቩ ነገሩን እንዲያቃናላቸው ግዴታ ያስገባዋል። ከሦስት ዓመት በፊት አራቱ ጳጳሳት፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ማቴዎስ፥ አቡነ ሉቃስና አቡነ ማርቆስ ሲመጡ፥ ግብፅ ገና በእንግሊዝ ጦር አልተያዘችም ነበር፤ አሁን ግን ቃል የሚገባው ኬዲቭ ራሱ በእንግሊዝ ሥር ነው። ያው ውል በምጽዋ ወደብ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ያዝዛል። ስምንት ወር እንዳለፈ፥ ጥር 29 ቀን 1877 ዓ.ም.፥ እንግሊዝ እያየች የኢጣልያ ወታደሮች ምጽዋ ላይ ወረዱ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም በዚያ ወደብ የሚያልፍ መነኵሴም ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ አገኘ።