ከላይ ብቻ የሚታይ ቀይ

የጦር አውሮፕላን የሚቀባው እንዳይታይ ነው ብለን እናስባለን። ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ የአሸዋ ቀለም፤ ከመሬቱ ጋር እንዲመሳሰል። በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከደበደቡት የጣሊያን አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ግን ክንፋቸው ላይ ደማቅ ቀይ መስመሮች ነበሯቸው። ሰውነታቸው ነጣ ያለ፣ ከላይ ደግሞ ቀይ። ታዲያ ይሄ ምን የሚሉት መደበቅ ነው?

ጥያቄው የመጣብኝ ካፕሮኒ 133 የተባለውን ባለ ሦስት ሞተር ቦምብ ጣይ በካርቶን ልሠራ ስነሳ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ የምኖረው ጨለለቅቱ፣ ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ። የሞዴል አውሮፕላን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ እዚህ አይታሰብም፤ ካርቶን ግን ሞልቷል። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21.24 ሜትር ነው። ለ72 ሲካፈል 29.5 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፣ የጫማ ካርቶን ይበቃዋል። ቅርጹ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ቀለሙ ነው፣ ምክንያቱም ያገኘኋቸው የዘመኑ ፎቶዎች ሁሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው።

እስቲ በኛ ሙያ ላስረዳ። ኮምፒውተር ባለ ቀለም ምስልን ወደ ግራጫ ሲቀይር በተለምዶ ቀዩን በ0.299፣ አረንጓዴውን በ0.587፣ ሰማያዊውን በ0.114 አባዝቶ ይደምራል። መጠኑ 200 የሆነ ንጹሕ ቀይ 60 ገደማ ይሰጣል። መጠኑ 102 የሆነ ንጹሕ አረንጓዴም እንደዚያው 60 ገደማ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ ማለት ነው። ወደ ኋላ የሚመልስ ቀመር የለም፣ መረጃው ጠፍቷል። የዘመኑ ፊልም ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ፊልም ቀይ ብርሃን ስለማይሰማው ቀዩን ጥቁር ያደርገዋል። ፓንክሮማቲክ የሚባለው ግን ሁሉንም ቀለም ስለሚያይ ያው ቀይ መካከለኛ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። በ1920ዎቹ ሁለቱም ገበያ ላይ ነበሩ።

መውጫው ቀለሙን አስቀድመን የምናውቀውን ነገር እዚያው ፎቶ ውስጥ መፈለግ ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ጭራቸው ላይ የአገራቸው ባንዲራ ነበር፤ ከፊት አረንጓዴ፣ መሀል ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። ቀዩ ጥቁር ሆኖ አረንጓዴው ፈዝዞ ከታየ ፊልሙ ቀይ የማያይ ነው። ሁለቱ ከተቀራረቡ ሁሉን የሚያይ ነው። ከዚያ የጭራውን ቀይ ከክንፉ መስመር ጋር ማስተያየት ይቻላል፣ ብርሃኑ በሁለቱም ላይ እኩል እስካረፈ ድረስ። ሌሊቱን ፒክስል ስቆጥር ያደርኩበት ጊዜ አለ (ይህን አሠሪዬ ባያነበው ደስ ይለኛል)።

የቀዩ ምክንያት አንዴ ከታወቀ ቀላል ነው። አውሮፕላኑ ጫካ ወይም በረሃ ላይ ቢወድቅ ፍለጋ የሚወጡት ጓደኞቹ ከሰማይ ሆነው ቶሎ እንዲያዩት ነው። ከላይ ከሚመጣ ጠላት መደበቅ አላስፈለገውም፤ ከላይ የሚመጣ ጠላት አልነበረማ። ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፋ ነበር። ኢትዮጵያ የነበሯት 13 ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹም መልእክትና ሰው ማመላለሻ። የጦርነቱን ሚዛን ካነበብኳቸው ብዙ ገጾች ይልቅ ይህ ቀለም የነገረኝ ይበልጣል።

ቀዩ የተቀባው ከክንፉ በላይ በኩል እንደነበር ደግሞ ልብ በሉ። ከታች ሆኖ ቦምቡ የሚወርድበት ገበሬ ወይም ወታደር ያን ቀለም አያየውም።

ያኔ የኛ አካባቢ በሲዳሞ ግዛት ሥር ነበር፤ የደቡቡን ጦር የሚመሩት የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው። ከሠራዊታቸው ጋር የዘመተ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ ሰፍሮ ሳለ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደበደቡት። ሕመምተኞች ሞቱ፣ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ ሞተ፣ የቡድኑ መሪ ዶክተር ሂላንደርም ቆሰሉ። የቀይ መስቀል ምልክትም እንደ ክንፉ መስመር ከሰማይ እንዲታይ የሚደረግ ቀይ ነው።

አሁን ይህን የምጽፈው ለምን መሰላችሁ? የድሮ ፎቶዎችን በአንድ ጠቅታ ባለ ቀለም የሚያደርጉ ፕሮግራሞች ስለበዙ ነው። በየቀኑ ስልካችን ላይ የአርበኞች ፎቶ «በእውነተኛ ቀለሙ» እየተባለ ይመጣል። ፕሮግራሙ እውነተኛውን ቀለም አያውቅም፤ ከተማረባቸው ሚሊዮን ምስሎች የሚመስለውን ይገምታል። እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ ብዙ ጊዜ ወደ አማካዩ ያዘነብላል፣ አማካዩም ደብዛዛ ቡናማ ነው። የአንድ ካፕሮኒ ፎቶ ሰጥቼው መስመሮቹን ቡናማ አደረጋቸው። በቃ፣ ማንንም የማይፈራው አውሮፕላን እንደሚደበቅ አውሮፕላን ሆነ። ፎቶውን ያየ ልጅ ሰማዩ ላይ እኩል ፍልሚያ የነበረ ይመስለዋል።

ቢያንስ አንድ አውሮፕላን በአካል ማየት ይቻላል። በአዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ» ጣሊያን ሙዚየም ውስጥ ኖራ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። እሷንም ስናይ ቀለሙ የትኛው ዘመን ላይ እንደተቀባ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ አውሮፕላን በሙዚየም ዕድሜው ደጋግሞ ሊቀባ ይችላል።

የኔን ካፕሮኒ የክንፍ መስመሮች ከገበያ በገዛሁት የጥፍር ቀለም ቀባኋቸው። ሦስት ዓይነት ቀይ ሞክሬ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ወደ ግራጫ ቀይሬ ከጭራው ጋር የተስማማውን ወሰድኩ። ከማቆሚያው ሥር ትንሽ ወረቀት ለጥፌ የትኛው ቀለም ከማስረጃ እንደመጣ፣ የትኛው የራሴ ግምት እንደሆነ ጽፌበታለሁ። የሞተሮቹና የጎማዎቹ ግምት ነው።