ጠመንጃው ቤት የቀረበት ገና

በአሜሪካ የገና ቀን ተኩስ የሚሰማበት ዘመን ነበር። አዳኞች በቡድን ተከፍለው ጫካ ይገባሉ፤ ያገኙትን ወፍና አውሬ ይጥላሉ። ብዙ የገደለ ያሸንፋል። ይህም ጨዋታ ተባለ!

በኒው ዮርክ የአንድ ሙዚየም ባለሙያ የነበረው ፍራንክ ቻፕማን ግን ግድያው ቀርቶ ቆጠራ እንዲሆን በመጽሔቱ ሐሳብ አቀረበ። በፈረንጆች ታኅሣሥ 25 ቀን 1900፣ 27 ሰዎች በአሜሪካና በካናዳ 25 ቦታዎች ወጥተው ወደ 90 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዘገቡ።

በበረዶው ወራት ዛፉ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ወፍ ማየቱ ይቀላል። ፎቶ ማንሳቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ስድስት ግራም ገደማ የምትመዝነው ባለወርቃማ ዘውዷ ኪንግሌት የተባለች ወፍ አንድ ቅርንጫፍ ላይ አትረጋም፣ የዘመኑ ካሜራ ደግሞ ከባድና ዘገምተኛ ነበር። ቻፕማን በዚያው ዓመት ወፎችን በካሜራ ስለማጥናት መጽሐፍ አሳተመ። በ1943 ፎቶ አንሺው ኤልየት ፖርተር በፍላሽ ያነሳቸው ባለቀለም የወፍ ፎቶዎች በኒው ዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ታዩ፤ እሱም ቢሆን አብዛኞቹን ያነሳው በመራቢያቸው ወራት፣ ጎጇቸው አጠገብ አድብቶ ነበር።