ቤተ መጻሕፍት፣ ከመደርደሪያው ባሻገር

ቤተ መጻሕፍት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን መደርደሪያና «ጸጥታ ይከበር» የሚል ማስታወቂያ ነው። ተቋሙ ግን ሌላም አገልግሎት አለው። ሰው ሳይቀጣጠር የሚገናኝበት፣ ሳይከፍል የሚቀመጥበት ሥፍራ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሬይ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ከቤትና ከሥራ ውጪ ያለውን መገናኛ «ሦስተኛ ቦታ» ብለውታል። እርሳቸው በይበልጥ ያተኮሩት በቡና ቤትና በፀጉር ቤት ላይ ቢሆንም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ሐሳቡን ወስደው ተጠቅመውበታል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆን ይታወቃሉ። እንዲህ ባሉ ደብሮች የብራና መጻሕፍት በዕቃ ቤት ተቆልፈው ይጠበቃሉ፤ ትምህርቱ ግን በዛፍ ጥላና በመምህሩ ደጅ ነው። ከየአገሩ የመጣው ተማሪ ጎጆ ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ አብሮ ይበላል፤ ነባሩ አዲሱን ያስቀጽላል። «ጉባኤ ቤት» የሚለው ስም ራሱ መሰባሰብን ይናገራል።

ዘመናዊውን አገልግሎት ስናይ ደግሞ ወመዘክር የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ነው። ሚዩዚክ ሜይዴይ በአዳራሹ ያዘጋጃቸው የነበሩ የመጻሕፍት ውይይቶች ደራሲንና አንባቢን ፊት ለፊት አገናኝተዋል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም በአዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች አድርሰዋል። በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት በአንድ ጊዜ ከ2 ሺሕ በላይ ሰዎችን እንዲያስተናግድ የተሠራ ነው።

አገልግሎቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ትልልቅ ሕንፃ በሌለበት ነው። እንደ ሲማዳዋ ወገዳ ባለች የወረዳ ከተማ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ወጣት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ይኖራል። ከዚያ ሲወጣ የሚቀመጥበት ሻይ ቤት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከረምቡላ ቤቱም እንዲሁ። በነፃ የሚቀመጥበት፣ መብራትና ወንበር ያለው ክፍል ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ቤቱ ተማሪውና ሠራተኛው በሚያርፉበት በማታና በቅዳሜና እሑድ ይከፈት፤ ለንባብ ጸጥ ያለ፣ ለውይይት ደግሞ የተለየ ክፍል ይኑረው፤ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ። መጻሕፍት ተሟልተው በሩ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት ከሆነ ግን ቤቱ ከዕቃ ቤት አይለይም።