«የፍርሃት ደመወዝ»፤ ስለ አንድ የፈረንሳይ ፊልም ታሪክና ስለ ተቈረጠው ቅጁ

የታሪክ ተማሪ በምስክርነት የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ብራናን፥ ደብዳቤን፥ የውል ወረቀትንና የአዛውንትን ቃል ነው። ፊልም ግን «የመዝናኛ ነገር ነው» ተብሎ ከደጅ ይቀራል። ይሁን እንጂ ፊልምም እንደ ማናቸውም ሰነድ ሠሪና ዘመን አለው፤ እንደ ማናቸውም ሰነድም ይቈረጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ፈረንሳዊው አንሪ ዦርዥ ክሉዞ አዘጋጅቶ በ1953 ለሕዝብ ያሳየውን «የፍርሃት ደመወዝ» የተባለውን ፊልም ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ይህን ፊልም የሚወድ ሰው ደስ ያሰኙትን ትርኢቶች ቍጠር ቢባል የሚያነሣው የካሚዮኖቹን ጉዞ ነው። ካሚዮኖቹ ከመነሣታቸው በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ያህል ግን «መግቢያው ረዘመ» ብሎ ያልፈዋል። የኛ አሳብ ከዚህ ይለያል። በጉዞው ላይ የሚሰማን ፍርሃት የተጠራቀመው በዚያ ዝግተኛ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያውን የነካ ሰው መጨረሻውንም ነክቷል እንላለን።

የፊልሙ ታሪክ የተወሰደው ዦርዥ አርኖ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ደራሲ በ1950 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ደራሲው በደቡብ አሜሪካ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነበር። ክሉዞ ግን ፊልሙን ያነሣው በዚያው በፈረንሳይ አገር በደቡቡ ክፍል ነው። ሥራው በ1951 ተጀምሮ በዝናም ምክንያት ከተቋረጠ በኋላ በ1952 ተፈጸመ። የክሉዞም የራሱ ታሪክ ሊዘነጋ አይገባውም። ፈረንሳይ በጀርመኖች ተይዛ ሳለች በጀርመን ገንዘብ ለተቋቋመው ለኮንቲኔንታል ኩባንያ በ1943 «ቍራው» የተባለውን ፊልም በመሥራቱ፥ አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ሥራውን እንዳይሠራ ታግዶ ነበር። ወደ ሙያው የተመለሰው በ1947 ነው። የተቸገረ ሰው ለኃይለኛ ጌታ ሲያድር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ፊልም ከእንዲህ ያለ ሰው እጅ መውጣቱ ልብ የሚባል ነገር ነው።

አሁን ወደ ትርኢቶቹ እንግባ። ፊልሙ የሚከፈተው አንድ ሕፃን በረሮዎችን በክር አስሮ ሲጫወት በማሳየት ነው። ቦታው ላስ ፒየድራስ የተባለች በደቡብ አሜሪካ እንዳለች ተደርጋ የተፈጠረች ከተማ ናት። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሥራ ፈቶች ለመውጫ የሚሆን ገንዘብ አጥተው በፀሐይ ተቀምጠዋል። ሥራ ያለው በአንድ የአሜሪካ የዘይት ኩባንያ እጅ ብቻ ነው። ማሪዮ (ኢቭ ሞንታን) እዚያ የቀረ ወጣት ነው። ኢጣልያዊው ሉዊጂ (ፎልኮ ሉሊ) የሲሚንቶ ትቢያ ሳንባውን በልቶታል። ቢምባ (ፒተር ቫን አይክ) በናዚዎች ዘመን በጨው ማዕድን ውስጥ በግዳጅ የሠራ ሰው ነው። በኋላም ጆ (ሻርል ቫኔል) ነጭ ልብስ ለብሶ እንደ ባለጸጋ ከአውሮፕላን ይወርዳል።

ከሁሉ አስቀድመን የምንመርጠው የመጠጥ ቤቱን ጠብ ነው። ሉዊጂ ጆን ሊመታ ሲነሣ ጆ ሽጉጡን አውጥቶ ለራሱ ለሉዊጂ ያቀብለዋል፤ «ወንድ ከሆንህ ተኵስ» እንደ ማለት ነው። ሉዊጂ መተኰስ ያቅተዋል። ተመልካቹም እንደ ማሪዮ «ጆ የማይፈራ ሰው ነው» ብሎ ይመዘግባል። ይህ ምዝገባ ወደ ፊት የሚፈርስ ነው።

በ300 ማይል ርቀት ያለ የኩባንያው የዘይት ጉድጓድ በእሳት ይያዛል። እንዲህ ያለ እሳት የሚጠፋው በፍንዳታ ነው፤ ፍንዳታው ነበልባሉን ከነዳጁ ለይቶ ይቈርጠዋልና። ለዚህ የተመረጠው ኒትሮግሊሴሪን ነው። ይህን ፈሳሽ ኢጣልያዊው አስካንዮ ሶብሬሮ በ1847 አገኘው፤ ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤልም ከአፈር ጋር ቀላቅሎ ሲያረጋጋው ድማሚት ሆነና በ1867 በስሙ አስመዘገበው። በፊልሙ ግን የሚጫነው ያልተረጋጋው ፈሳሽ ነው። የኩባንያው ኃላፊ ኦብራየን አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ጥሎ ሲያፈነዳ ለሾፌሮቹም ለኛም ትምህርቱን አንድ ጊዜ ሰጠን። ከዚያ በኋላ ጩኸት አያስፈልግም። ሂችኮክ እንዳስረዳው፥ ከጠረጴዛ በታች ያለው ቦምብ ሳይታወቅ ቢፈነዳ ድንጋጤው የቅጽበት ነው፤ ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀው ግን ተራ ጨዋታ እንኳ ያስጨንቀዋል። በክሉዞ ፊልም ቦምቡ ራሱ ካሚዮኑ ነው።

ለእያንዳንዱ ሾፌር 2000 ዶላር ተቈረጠ። ከጉዞው ትርኢቶች ሦስቱን እናንሣ። አንደኛው በተራራው መታጠፊያ ላይ ያለው የበሰበሰ የእንጨት መድረክ ነው። ካሚዮኑ ለመዞር ወደ ኋላ ተጕዞ ገደል ላይ በተንጠለጠለው ሳንቃ ላይ መውጣት አለበት። ሳንቃው ሲንቋቋ ማሪዮ መሪውን ይዞ ይቀራል፤ ያ ሽጉጥ ያቀበለው ጆ ግን ይሸሻል። የሚያስደነግጠን የእንጨቱ መሰበር ብቻ አይደለም፤ በመጠጥ ቤት ያየነው ሰው አብሮ መሰበሩ ነው።

ሁለተኛው የሉዊጂና የቢምባ ሞት ነው። ቢምባ ካሚዮኑ ሲሄድ ተረጋግቶ ጢሙን ይላጫል፤ ቢሞት እንኳ ንጹሕ ሬሳ ሊሆን ይፈልጋል። ከዚያም ወደ ኋለኛው ካሚዮን እንመለሳለን። ጆ ሲጋራ እየጠቀለለ ሳለ ትምባሆው ከወረቀቱ ላይ ብን ብሎ ይጠፋል፤ ወዲያው ብልጭታ። ሁለት ሰዎች መሞታቸውን የምናውቀው በዚህ ነው። ሬሳ አላየንም፤ ግን ሉዊጂን በሳሉ፥ ቢምባን በጨው ማዕድኑ ስለምናውቃቸው ኀዘኑ ሙሉ ነው።

ሦስተኛው ፍንዳታው በቈፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው የዘይት ኵሬ ነው። ጆ በዘይቱ ውስጥ እየዋኘ መንገድ ሲጠርግ ይያዛል፤ ማሪዮ ቢያቆም ካሚዮኑ ተውጦ ይቀራልና አላቆመም፤ ጎማው የጆን እግር ረገጠው። በከተማው ማሪዮ ስለዚህ ሰው ብሎ ወዳጁን ሉዊጂን ችላ ብሎ ነበር። ይህን የማያስታውስ ተመልካች ያየው አንድ አደጋ ነው፤ የሚያስታውስ ግን የሰው ፍቅር በ2000 ዶላር ሲለወጥ አይቷል።

ፊልሙ በ1953 በካንና በበርሊን የመጀመሪያውን ሽልማት ተቀበለ። በ1955 በአሜሪካ ሲታይ ግን በተለይ የዘይት ኩባንያውን የሚነቅፉት ክፍሎች ተቈርጠው ነበር። ይህ ዘመን የኮሙኒስት ፍርሃት በአሜሪካ የበረታበት መሆኑን እናስታውስ። ቈራጮቹ ምናልባት ፖለቲካውን አውጥተው ፍርሃቱን ያስቀሩ መስሏቸው ይሆናል። ነገር ግን ሰውዬው ለምን ካሚዮኑ ላይ እንደ ወጣ ካልታወቀ፥ ጉዞው የጀብደኞች ውድድር ይሆናል። ኦብራየን ሥራ ፈቶቹን የሚመርጠው የሚሟገትላቸው ማኅበርም ሆነ የሚጠይቅ ዘመድ ስለሌላቸው ነው። ፍርሃቱና ፖለቲካው ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

«በፈረንሳይ የተነሣ ፊልም ስለ ደቡብ አሜሪካ ምን ይመሰክራል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአገሩ ተወላጆች በፊልሙ ውስጥ ድምፃቸው ጥቂት ነው፤ ስለ እነርሱ ኑሮ ከዚህ ልንማር አንችልም። ፊልሙ የሚመሰክረው ከጦርነቱ የወጣች አውሮፓ ስለ ራሷ ስደተኞችና ስለ አዲሱ የዘይት ኃይል ምን ታስብ እንደ ነበር ነው። በዚህ ረገድ የተቈረጠው ቅጅም ሌላ ምስክር ነው፤ በአንዲት አገር በ1955 ምን መስማት እንደ ከበደ ይነግረናልና።

ስለዚህ ፊልምን ለታሪክ ጥናት የሚጠቀም ባልንጀራችን አስቀድሞ «የትኛውን ቅጅ አየሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ከተቻለውም ሙሉውን ይመልከት፤ የመጀመሪያውንም ሰዓት በትዕግሥት ይቀመጥ። የሰዎቹ ዕዳ የተጻፈው በዚያ ነውና።